በጋሻ ላይ ያልተሣሉ ዕፀዋት

ከደሴ ተነሥቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ኩታበር የሚወጣ መንገደኛ፣ ወራቱ መስከረም የሆነ እንደ ሆነ፣ ገብሱ ገና ለእሸት ሳይበቃ፣ የማሳው ወሰን ሁሉ የአደይ አበባን ቢጫ ለብሶ፣ በየጉብታውም ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ በጥድና በወይራ ጠቁሮ ያገኘዋል። በዚህ ደጋ የሚኖር ሽማግሌ የዘሩን ሐረግ ጠይቁት ቢባል እስከ ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ይቈጥራል፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ዕፅ በጋሻ ላይ አሥሎ፣ በማኅተም አስቀርጾ፣ ለልጅ ልጁ ያወረሰ አባት ከዚያ ቍጥር ውስጥ አይገኝም። እንዲህ ያለው ልማድ የአውሮፓ መኳንንት ልማድ ነው። በአየርላንድ የኮናክት ነገሥታት የነበሩት ኦኮነሮች በነጭ ጋሻ ላይ የቆመ አረንጓዴ የባሉጥ ዛፍ የቤታቸው ምልክት አድርገው እስከ ዛሬ ይታወቁበታል፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ይህን የጋሻ ምልክት የሚመዘግብና የሚፈቅድ ሹም እ.ኤ.አ. በ1552 ሾሞባቸው ነበር። የእኛ መኳንንት ጋሻ በብርና በወርቅ ጌጥ፣ በቀይ ከፋይና በአንበሳ ጎፈር ያምር ነበር፤ የባለቤቱን ማዕርግ እንጂ የዘሩን ዕፅ ግን አይናገርም ነበር። ዕፀዋቱ ግን ከታሪካችን አልጠፉም፤ በገንዘብ ላይ፣ በስም ውስጥ፣ በብራና ራስጌ፣ አንድ ጊዜም በስድብ ውስጥ አድረው ቈይተዋል።

የነገሩ ጥንት ከአክሱም ይነሣል። በሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ላይ የነበረው ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅ ገንዘብ ባስመታ ጊዜ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማትበልጥ ወርቅ ላይ፣ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ ወደ ጎን ሲመለከት የሚያሳይ ምስል አስቀረጸ፤ በፊቱና በኋላውም ሁለት የእህል ዛላዎች ከታች ወደ ላይ እየቀሰቱ እንዲከቡት አደረገ። ሊቃውንቱ አብዛኞቹ ዛላውን ስንዴ ይሉታል፤ ገብስ የሚሉትም አሉ፤ የኩታበር ገበሬ ቢጠየቅ ግን የጢሙን ርዝመት አይቶ ያለ ብዙ ክርክር ለገብስ የሚፈርድ ይመስለኛል። ከዛላዎቹ በላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ነበረ። ከዚህ በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ጨረቃውና ፀሐዩ ወርደው መስቀል በቦታቸው ተተካ፤ ዛላዎቹን ግን የነካቸው አልነበረም። አምልኮ ተለውጦ፣ ዘውድ ተለውጦ፣ የነገሥታቱም ስም እየተፈራረቀ፣ የወርቁ ገንዘብ መመታቱ እስኪቀር ድረስ ንጉሡ በሁለት ዛላ መካከል ተቀምጦ ኖረ። በአዱሊስ ወደብ ገንዘቡን የተቀበለ የባሕር ማዶ ነጋዴ ግእዙን ባያውቅም፣ ጽርኡንም ባያነብ፣ ይህ ንጉሥ የሚበላ እህል ያለው ሀገር ንጉሥ መሆኑን በዓይኑ ያውቅ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የዕፅ ምልክታችን የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የዙፋን ምልክት ነበረ፤ በዙፋኑ ላይ የወጣ ሁሉ ይወርሰው ነበርና።

አክሱም ከደከመ፣ ዛጔም በላስታ ነግሦ እስኪያልፍ በነበረው ረዥም ዘመን ነገሥታቱ ገንዘብ አላስመቱም፤ ምልክቱም ከወርቁ ወርዶ ወደ መጽሐፍ ገባ። በመጽሐፍ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ የአሮንን በትር ያውቃል፤ ዐሥራ ሁለቱ ነገድ በየአለቃቸው ስም የተጻፈበት በትር አምጥተው በደብተራ ኦሪት ባሳደሩት ጊዜ፣ የሌዊ ነገድ በትር ብቻዋን ለምልማ፣ አብባ፣ ለውዝ አፍርታ አደረች። የነገድን ማዕርግ በዕፅ ለመለየት ከዚህ የቀደመ ሥርዐት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኢዮአታምም በመጽሐፈ መሳፍንት ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ ወጥተው፣ ወይራው ቅባቱን፣ በለሱ ጣፋጭነቱን፣ ወይኑም ደስታውን አልተውም ብለው እንቢ ባሉ ጊዜ መንግሥቱ ለእሾህ እንደ ደረሰው ሲናገር፣ የቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ የሚገባው የሽሙጥ ምሳሌ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ከእሴይ ግንድ በትር እንደምትወጣ ኢሳይያስ የተናገረው ትንቢት፣ ከዳዊት ዘር ነን ለሚሉ ነገሥታት የሃይማኖትም የመንግሥትም መሠረት ሆነላቸው።

ይህን የሚሉት ነገሥታት ደግሞ የተነሡት ከዚሁ ከወሎ ምድር፣ በዚያ ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው ሀገር ነው። ይኵኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነግሥ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ ትውፊቱ እንደሚለው በዚያ ገዳም ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ስማቸው የሃይማኖት ተክል ማለት ነው፤ ከእርሳቸውም በኋላ ተክለ የሚለው ስም በቤተ ክህነትና በቤተ መንግሥት ሥር ሰደደ። የይኵኖ አምላክ ተወላጆችም ስሞች እንዲሁ ናቸው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ታላቁ አፄ፣ የመንግሥት ስማቸው ቈስጠንጢኖስ ሳለ ታሪክ የሚያውቃቸው የያዕቆብ ዘር በሚለው ስማቸው በዘርአ ያዕቆብ ነው፤ በ1500 ዓ.ም. በሕፃንነታቸው ዙፋን ላይ የወጡት አፄ ደግሞ የድንግል ዕጣን፣ ልብነ ድንግል ተባሉ። ባሉጡ ለኦኮነሮች በጋሻቸው ላይ እንደ ቆመ ይኖራል፤ የእኛዎቹ ዘርና ተክል፣ ዕጣንና አበባ ግን በሰው ላይ የተጻፉ ስለ ሆኑ ከሰውየው ጋር ይሞታሉ፤ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም በሌለበት ሀገር፣ ልጁ ሌላ ስም ሲወጣለት የአባቱ ዕፅ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በልጅ ልጁም ጊዜ ከአፍ ይወጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዕፁን አያወርስም፤ እንደ ገና ይተክለዋል።

በዚያው ዘመን የብራና ጸሐፊዎች ሐረግ የሚሉትን ጌጥ ወደ ፍጹምነት አደረሱት። በሐይቅ ለአባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ወንጌል የዚያን ክፍለ ዘመን ጥበብ ከሚመሰክሩት አንዱ ነው፤ በተከተለውም መቶ ዓመት ሐረጉ በየገዳሙ ተስፋፋ። ጸሐፊው መቃ ብርዑን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በየቀንዱ አድርጎ፣ ከምዕራፉ ራስጌ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መስመሮችን እየጠላለፈ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አሳልፎ ደግሞ ከሥሩ እያስገባ፣ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ወደ ቅጠልና ወደ እንቡጥ ፈትቶ ይለቀዋል፤ ከዚያም መካከሉን በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ይሞላዋል። ሥሩ የቱ እንደ ሆነ፣ ጫፉም የቱ እንደ ሆነ ጣቱን አሳርፎ የሚከተል ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ይስታል። በየደብሩ የወርቅ ወንጌል ተብሎ በሚጠበቀው መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ደግሞ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ከነምስክሩና ከነግዝቱ ይጻፍ ስለ ነበር፣ የባላባቱ ስምና የመሬቱ ወሰን ከዚህ ሐረግ ጋር በአንድ ጥራዝ ያድር ነበር። የአየርላንዱ ባላባት መሬቱን የሚያስከብረው ከባሉጡ ጋሻ ጋር ከሆነ፣ የቤተ አምሐራው ባላባት ከወንጌሉ ሐረግ ጋር ነበረ፤ ሁለተኛው ደግሞ መሐላና ግዝት ተጨምሮበታል።

አፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ አባታቸው አፄ ዳዊት ያስመጡትን የጌታን ዕፀ መስቀል በአምባሰል፣ ከኩታበር ማዶ በምትገኘው በግሸን አምባ አኖሩት፤ አምባይቱ በተፈጥሮዋ የመስቀል ቅርጽ ያላት መሆኗን ባለ ትውፊቶቹ ለምርጫው ምክንያት ያደርጉታል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን በኩታበር በኩል እየተመሙ ወደ ግሸን ይወጣሉ፤ ወራቱ የአደይ አበባ ነውና ወጣቶቹ አበባውን በራሳቸው ጨርቅና በበትራቸው ጫፍ ሰክተውት ያልፋሉ። ነገሥታቱ ለመንግሥታቸው ጠባቂ አድርገው የመረጡት ዕፅ እንግዲህ ቅጠል የሌለው፣ የደረቀ፣ የተቈረጠ ግንድ መሆኑ ልብ ይሏል። ወዲያው በመስከረም 26 ቀን ደግሞ ጽጌ ይገባና እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ያነጉታል፤ ደራሲው አባ ጽጌ ድንግልም ትውፊት እንደሚለው የወሎ ሰው ናቸው። በዚህ ድርሰት እመቤታችን አበባ፣ ልጇም ፍሬ ሆነው ይመሰገናሉ፤ የእሴይ ግንድ ትንቢት ከነገሥታቱ እጅ ወጥቶ በገጠር ካህን ጉሮሮ ውስጥ የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ቤተ አምሐራ ገባ። አፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ፣ በአምሐራ ሳይንትም አፄ በእደ ማርያም የደከሙበት አትሮንሰ ማርያም በእሳት ነደዱ፤ ከኢማሙ ጋር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንኳ በወርቅና በብር የተለበጠውን የመካነ ሥላሴን ጌጥ እያደነቀ ጽፎታል። ስንት የወርቅ ወንጌል፣ ስንት የባላባት ርስት ከነሐረጉ አብሮ እንደ ጠፋ ማሰብ ብቻ ያሳዝናል።

በጦርነቱ በተራቈተው ምድር ላይ ከደቡብ የኦሮሞ ነገዶች መጡ፤ አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ በጻፉት ታሪክ ከቈጠሯቸው መካከል ወሎ የተባለው ነገድ አለ፤ ሀገሩም ስሙን ከእርሱ ወረሰ። እነዚህ ነገዶች ይዘውት የመጡት ዕፅ ኦዳ ነው። ኦዳ፣ በአማርኛ ሾላ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ ጥላው ብዙ ጉባኤ የሚያስቀምጥ ዛፍ ሲሆን፣ ገዳ የሚመክረው፣ ሕግ የሚታወጀው፣ ሥልጣንም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ከሥሩ ነው፤ ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ሮባ፣ ኦዳ ቡልቱም የጉባኤ ስሞች ናቸው። ወደ ኩታበር ብርድ ላይ ግን ኦዳ አይወጣም፤ ደጋው የጥድና የኮሶ ነው። ስለዚህ በወሎ ኦዳ በወይና ደጋውና በቆላው ቀረ፤ ሽምግልናው ግን ወደ ደጋው ወጥቶ ያገኘው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ለአየርላንዱ ባሉጥ በሀገራችን እውነተኛ ወንድም የሚሆነው ይህ ዛፍ ነው፤ በዚያም የየነገዱ ንጉሥ የሚነግሥበት የተቀደሰ ዛፍ ነበረና። እ.ኤ.አ. በ982 የሚዝ ንጉሥ ማል ሼክናል የዳል ካስን ነገድ ድል ባደረገ ጊዜ፣ ከከብቱና ከሰው ይልቅ በማግ አዳር የነበረውን የመንገሻ ዛፋቸውን ከነሥሩ ማስቈረጡን ታሪክ ጸሐፊዎቻቸው እንደ ታላቅ ጥቃት መዝግበውታል። ዛፍ በቈረጠ ዘር የቈረጠ መስሎት ነበር፤ ከዚያው ከተዋረደው ነገድ ግን ጥቂት ቈይቶ ብራያን ቦሩ ተነሥቶ በአየርላንድ ሁሉ ላይ ነገሠ።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ የኦሮሞ ነገዶች ከመጡ ወዲህ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት እስልምና በወሎ ሥር ሰዶ፣ የወረ ሂመኖ ባላባቶችም በኢማምነት ማዕርግ ይገዙ ጀመር። የወሎ ሼኾች በዱዓው ጉባኤ ጫትን ለሌሊቱ ንቃት ሲይዙ፣ ዕጣኑ ከከሰሉ ላይ ሲጤስ፣ መንዙማው ሲወርድ፣ ዕፅ የጸሎት ባልንጀራ መሆኑ አልቀረም። ከዙፋኑ ታሪክ ጋር የሚገናኘው ዕፅ ግን ኮሶ ነው።

በ1839 ዓ.ም. ገደማ ኋላ ቴዎድሮስ የተባለው የቋራው ካሣ ገና ሽፍታ ሳለ፣ በጎንደር ይገዙ የነበሩት እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን ጦር አስከትተው ላኩበት። የካሣ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ባለቤታቸው ሞተው በችግር ላይ በወደቁ ጊዜ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳድገዋል የሚል ወሬ በጎንደር ነበር፤ ደጃዝማቹም ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አሥሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎከረ። የዚህን ስድብ ምሬት የሚያውቅ ኮሶን የሚያውቅ ነው። ኮሶ በደጋ፣ በኩታበርም ጥግ ሁሉ የሚበቅል፣ ሴቴው ዛፍ ቀይ ዳማ አበባውን እንደ ረዥም ዘለላ ወደ ታች የሚያንጠለጥል፣ ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ወይም በጠላ ሲጠጣ ትሉን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ጌታ በየሁለት ወሩ ሳይወድ ይጠጣው ነበር፤ ያን ቀን ደጁ ተዘግቶ ለእንግዳ ሁሉ ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል ይባልለት ነበር። ሁሉ ይፈልገው፣ ሁሉ ይጠየፈው ነበር፤ ሻጭዋም እንደ መድኃኒቱ ነበረች። ካሣ ጦሩን ድል አድርጎ ደጃዝማቹን በማረከው ጊዜ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ኮሶ አስወቅጦ አቀረበለት፤ እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት እህል አልገዛችምና ያላትን ቅመስ በሚል ምፀት አስጠጣው። የአውሮፓ ባላባት ጋሻውን በሚያከብረው ዕፅ ያስጌጣል፤ ይህ ሰው ግን ጠላቶቹ የለጠፉበትን ዕፅ አንሥቶ መልሶ ወጋቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከሰሎሞን ዘር መወለዳቸው ይነገር ጀመር፤ የእሴይ ግንድ ኮሶውን ሊሸፍን ተዘረጋ። ነገር ግን ዛሬ ስለ እርሳቸው ሲወራ ከትውልድ ቈጠራው ይልቅ ኮሶው ቶሎ ይነሣል፤ ለእኔ ይህ ውርደት አይመስለኝም።

ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላን ከወሎ ባላባቶች ወስደው ምሽጋቸው፣ ኋላም መቃብራቸው አደረጉት። በዚያም መድኃኔ ዓለም ብለው ለሚሠሩት ደብር ከጎንደር አድባራት ብዙ ብራና አስመጡ። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ደላንታ ላይ፣ ከኩታበር አሻግሮ በሚታየው ሜዳ፣ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። የብሪታንያ ሙዚየም ልኮት የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ከገዢዎቹ ዋናው ነበር፤ ወደ 350 የሚጠጋ ብራና ወደ ለንደን ተጋዘ። የጎንደር ጸሐፊዎች ያበቀሉት ሐረግ በዚያች ከተማ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የነገሥታቱን የዘር መዝገብ የያዘው ክብረ ነገሥት ብቻ፣ አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው፣ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም ቢሉ ተመለሰላቸው።

እኒሁ አፄ ዮሐንስ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በኩታበር ደጃፍ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ፣ የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ በ1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ሆኖ ዘውድ ጫነ፤ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ድል ሆኖ ተማረከ። በመካከሉ እቴጌ ጣይቱ በሸዋ ከፍልውኃው አጠገብ የተሠራችውን ከተማ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙ፤ የጥንት ነገሥታት ለአምባና ለደብር የመላእክትን ስም ሲያወጡ፣ እርሳቸው ለመናገሻ የአበባ ስም መምረጣቸው የሴት ዓይን ነው። ከተማዪቱ እንጨቷን ጨርሳ ልትነቀል ስትደርስ ያዳናት ግን አበባ ሳይሆን በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፉም ኋላ ወደ ወሎ ዘልቆ ኩታበርን ወረሰ። የሚያሳዝነው በብዙ ቦታ ጥድና ወይራ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ሆኖ፣ ዐጸዱን አሻግሮ ያየ ሰው የጥንቱን ደን በቁራሽ እንዲያየው መሆኑ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የአውሮፓ መልእክተኞች የየመንግሥታቸውን የጋሻ ምልክት ይዘው መጡ፤ እኛም በተራችን በዙፋን፣ በመላእክትና በሞዓ አንበሳ የተዋቀረ ምልክት አሳየናቸው። ከአክሱም ዛላ ግን የተረፈ አልነበረም፤ በሁለት ዛላ መካከል ተቀምጦ የነበረው ንጉሥ የሚታወቀው በአንበሳው ሆኖ ነበር። የዕፅ ምልክት በሙሉ ክብር የተመለሰው የኦሮሚያ ክልል ኦዳን በሰንደቅ ዓላማው መካከል ባደረገ ጊዜ ነው።

በኩታበር ገበያ ግን ዕፅ በስም ይጠራል። አንዲቱ ጽጌ ትባላለች፣ አንዲቱ ዘይቱና፤ የአንዱ ልጅ ወይንሸት፣ የጎረቤቱ ልጅ ረይሃና፤ አበበም ብርቱካንም ተክሌም እዚያው አሉ፤ ወይራዋ ዘይቱናና ሽታ ቅጠልዋ ረይሃና ከእስላሙ ቤት፣ ወይንና ጽጌው ከክርስቲያኑ ቤት ይበዛሉ፣ ብርቱካን ግን ለሁለቱም ነው። ከነዚህ ስሞች አንዱም በአራተኛው ትውልድ መታወቂያ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ሰው በሌላ ቤት ለተወለደች ልጁ ጽጌ ብሎ ስም ያወጣል።